ጋን ውስጥ ዝም አይባልም

አማቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘኋቸው ከመሬት በታች ነው። አልሞቱም ነበር።

ማክቫላን ለትዳር ልጠይቅ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ አጎቴን አስከትዬ ብመጣ ቤቱ ባዶ፣ ግቢው ባዶ። ከጋን ቤቱ ግን ዘፈን ይሰማል። ገባን። ሰው የለም። ዘፈኑ የሚመጣው ከወለሉ ሥር ነው። የእኛ አገር የካኼቲ ሰው ወይኑን የሚያስቀምጠው እስከ አንገቱ በተቀበረ ጋን ውስጥ ነውና ጎንበስ ብዬ ወደ ትልቁ ጋን አፍ «እንደምን ዋሉ?» አልኩ።

ዘፈኑ አልተቋረጠም። ግጥሙ ብቻ ተለወጠ። በዚያው ዜማ «ማነህ አንተ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ብርሃኔን ጋረድክብኝ፣ ሃራሎ» የሚል መጣ። ሃራሎ የዘፈኑ አዝማች ነው።

ሰውዬው የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር። አያሾፉም። ጋን ውስጥ የገባ ሰው ድምፁን አያቆምም። አጠገቡ ባለ ሌላ ጋን ውስጥ ወይን ሲፈላ የሚወጣው መጥፎ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ባዶው ጋን ውስጥ ይወርዳል። አይሸትም፣ አይታይም። ውስጥ ያለው ሰው ትንሽ ያዞረዋል፣ ቁጭ ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ የሚያጥበው ይዘፍናል፤ አንድ ሰው ደግሞ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዞ አፉ ላይ ይቀመጣል። ውስጥ ያለው ዝም አይልም፤ ላይ ያለው አይነሳም። ሕጉ ይሄው ነው።

የዚያን ቀን ገመዱን የያዙት ሚስታቸው እማማ ዳሪኮ ነበሩ፤ እኛን ሲያዩ ገመዱን እጄ ላይ ጥለው ዶሮ ሊያርዱ ሄዱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኬ ተጠየቅኩ።

«ምን ትሠራለህ፣ ሃራሎ?»

«የትራክተር ሹፌር ነኝ።»

«መሬት አለህ፣ ሃራሎ?»

«የለኝም።»

«ቤትስ፣ ሃራሎ?»

አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ። «የለኝም» አልኩ።

ብዙ ሃራሎ መጣ። መጨረሻ ላይ «ሌላ ካልመጣ ምን ይደረጋል» የሚል ስንኝ ተሰማ። በዚያ ቤት ፈቃድ ማለት እሱ ነበር። ቤት ስላልነበረኝም ሚስቴ ቤት ገባሁ። ሚስቱ ቤት የገባን ወንድ መንደራችን ምን እንደሚለው እዚህ አልጽፈውም። ባድሪ የሚለው ስሜ ለመታወቂያ ብቻ ነው የቀረው።

አማቴ አባባ ቴዶሬ ዘንድሮ ሰባ አንድ ሞላቸው። ትልቁ ጋን ውስጥ መግባት የጀመሩት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ የአባታቸው ትከሻ ወፍሮ በአፉ አላልፍ ባለ ጊዜ ነው። የቤቱ ወግ ቀላል ነው። ትልቁን ጋን የሚያጥብ ሰው የቤቱ ራስ ነው። ጥቁሩ ወይን የሚቆረጥበትን ቀን እሱ ይናገራል፤ የመከሩ ማዕድ ላይ ራስጌ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጽዋ እሱ ያነሳል። የተማረ ይሁን ያልተማረ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ የሚጠየቀው ትከሻው ማለፉ ነው። አባባም ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በገዛ አባታቸው ላይ አዛዥ ሆኑ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ «ጌታው፣ ዛሬ እንድንተነፍስ ይፈቀድልናል?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር ይባላል።

ከዚያ አምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ገብተው ወጡ። በሶቪየት መጨረሻ ላይ «መጠጥ ሕዝቡን አበላሸው፣ ወይን ይነቀል» የሚል ትእዛዝ ከላይ መጥቶ ኮረብታው ሁሉ ሲላጭ፣ ለጋኑ የሚበቃ ፍሬ አልተገኘም ነበር። አባባ እንደ ወትሮው ገቡ፣ አጠቡ፣ ባዶውን ጋን ከደኑት። ለምን እንዳጠቡት ጠይቄያቸው ነበር።

«ቆሽሾ ነበራ» አሉኝ።

አሁን አራት ሄክታር ወይን አለን፤ አሥራ አንድ ጋን አለን፤ መንገድ ዳር ቀስት ያለው ሰሌዳ አለን፤ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ የአባባ ፊት አለ። እንግዳ በአውቶቡስ ይመጣል። «አንተ ስንት ዓመትህ ነው? ጋኑስ? ማን ይበልጣል?» ይላቸዋል። አባባ ጋኑ እንደሚበልጥ በየቀኑ ያስረዳሉ። እንግዳው ሲሄድ ትራክተሩ ይበላሻል፣ «አባባ ቴዶሬ!» ተርብ ይወርራል፣ «አባባ ቴዶሬ!» ወረቀት የሚለጥፈው ሰው ፊታቸውን ዘቅዝቆ ይለጥፋል፣ «አባባ ቴዶሬ!» አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ብቆጥር እስከ ምሳ አርባ ሦስት ጊዜ ተጠሩ። ሰባቱን የጠራኋቸው እኔ ነኝ።

መድከማቸውን መጀመሪያ ያወቅኩት በካልሲ ነው። ጠዋት አንድ እግራቸው ካልሲ ለብሶ፣ ሌላኛውን ካልሲ በእጃቸው ይዘው፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። አንዳንዴ ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ያው ካልሲ ያው እጅ ላይ ነው። ግን አይናገሩም። እኛ መንደር ደከመ የሚባለው በሬና ሞተር ነው። ሰው «እስቲ ትንሽ ልቀመጥ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠበት ያነሱትና ይቀብሩታል።

ልተውስ ቢሉ ለማን ይተዉታል? ልጃቸው ቤሶ ትብሊሲ የመኪና ጎማ ይሸጣል። ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን ነው፤ ጨለማም ይፈራል። ማክቫላ ሴት ናትና አትታሰብም፤ ደግሞ እሷም ደህና አድርጋ ወፍራለች፤ ይሄን ጽፌ ከወጣሁ በኋላ የሚደርስብኝን ለእኔ ተዉት። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ተሞከርኩ። እግሬ ገባ፣ ዳሌዬ ገባ፣ ሆዴ ጋ ስንደርስ ነገሩ ቆመ።

«አየር አስወጣ» አሉኝ አባባ።

አስወጣሁ። አንድ ጣት ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ መውረድም መውጣትም የለም። ማክቫላ የሱፍ ዘይት አምጥታ ዙሪያዬን አፈሰሰችብኝ። ጎረቤታችን ዘሊምካን፣ የሰው ቤት ጉድ ከሦስት አጥር ማዶ የሚሸተው ሰውዬ፣ መቼ እንደመጣ ሳይታወቅ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ ሲባል እሰማ ነበር» አለ። «ክዳን ሲሆኑ ግን ዛሬ አየሁ። ቴዶሬ፣ ለምን እንዲሁ አትተወውም? ልክክ ብሏል እኮ።»

በአራት ሰው ተጎትቼ ወጣሁ። አባባ ገመዱን ከእኔ ወገብ ፈትተው የራሳቸው ወገብ ላይ አሰሩና ገቡ። ሲወርዱ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ ሸክም አውርዶ ሳያርፍ መልሶ የጫኑት አህያ ፊት ነበር።

ወደ ዘንድሮ ልምጣ።

ዘንድሮ ጥቁሩ ወይን ቀድሞ ደረሰ። ፍሬውን ስትጨምቀው ቀለሙ ከጣትህ ወር ሙሉ አይለቅም፤ ዘሩ ቡናማ ሆኗል፤ ተርቡ ከእኛ ቀድሞ መከር ጀምሯል። ሬዲዮው ደግሞ ዓርብ ከተራራው በኩል ዝናብ አለ፣ በረዶም አይጠፋም አለ። የበሰለ ወይን ሐረግ ላይ እንዳለ ዝናብ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል፤ የዓመቱ ልፋት ለተርብ ሠርግ ይሆናል። ከዓርብ በፊት መቆረጥ አለበት። ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ትልቁ ጋን መታጠብ አለበት። ትንንሾቹን ከላይ ሆነን በረጅም ብሩሽ አጥበናል፤ ነጩ ወይን ጥቂት ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ገብቶ ከትልቁ ጎን ይፈላል። የቀረው ትልቁ ነው።

ሰኞ አባባ የሐረግ መቀስ ሲስሉ ዋሉ። ማክሰኞ ጠዋትም ያንኑ ይዘው ተቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እማማ ዳሪኮ፣ «በዚያ መቀስ ፂም ልትላጭበት ነው እንዴ?»

«መሳል አለበት።»

«ትናንት ስለኸው የለ?»

«ትናንት የሳልኩት ሌላውን ጎን ነው።»

እማማ ትንሽ አዩዋቸውና ዱቄት ሊያቦኩ ሄዱ። ለወይን ቆራጮቹ ዳቦ መጋገር አለባቸው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ገመዱን ለማንም አሳልፈው አልሰጡም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ምድጃው ነዶ ስለነበር ጠሩኝ።

«ባድሪ፣ እስክመጣ አንተ ያዝለት። ምንም ብትሰማ ዝም ብለህ ያዝ።»

ምን ልሰማ እችላለሁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

አባባ በመሰላሉ ወረዱ። በየእርከኑ ያርፋሉ። ከቼሪ ዛፍ ቅርፊት የተሠራው ብሩሻቸው ግድግዳውን ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ዘፈኑም አለ። ከዚያ ብሩሹ ቆመ። ዘፈኑ ቀጠለ፤ ግን እየተጎተተ፣ ቃሉ እየተዋጠ፣ «ሃራ... ሎ» ሆነ፤ «ሃ...» ሆነ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የሩቅ ትራክተር ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ገባ። እኔ የትራክተር ሰው ነኝ፣ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሊጠፋ ያለ ሞተር ነው። መጥፎው አየር ሰውዬውን አፈናቸው!

«ድረሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማክቫላ ሮጣ መጣች። ዘሊምካን አጥሩን ዘሎ መጣ። ሦስታችን ስንጎትት አባባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ግንባራቸው ጠርዙን ፍቆት፣ ወለሉ ላይ እንደ ጆንያ ተዘረገፉ። ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ምንድነው? ማነው የሞተው?»

«አንተ» አለ ዘሊምካን።

«አባባ፣ ዝም አልክ እኮ!» ማክቫላ እያለቀሰች ትከሻቸውን ትነቀንቃለች። «ተኝተህ ነበር? ጋን ውስጥ ተኛህ?»

«አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ እየዘፈንኩ ነበር።»

«የቱን ዘፈን?» አለ ዘሊምካን። «ይሄኛውን አላውቀውም።»

አባባ ግንባራቸውን ዳሰሱ፣ ደሙን አዩ። ሊቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። «እዚያ ውስጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቴዶሬ ብሎ የሚጠራኝ የለም።»

ማክቫላ ሁለተኛ አትገባም ብላ ማለች። ለቤሶ ደወለች። ቤሶ «የብረት ታንክ ግዙ፣ ቁልፉን ስትጫኑት ራሱ ይታጠባል» አለ። ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አድርጋው ስለነበር ጊንጥ እንዳረፈበት ሰው ወረወሩላት።

ዘሊምካን ጉሮሮውን ጠራረገ። «የእኔ ወንድም ቀጭን ነው፣ ታውቁታላችሁ። እንደ ሐረግ ነው። አሁን ጠርቼው በአንድ ሰዓት ያጥብላችሁ። ከዚያ እንግዲህ መቼ እንደሚቆረጥ እሱ ይነግራችኋል፣ ራስጌም እሱ ይቀመጣል። ምን ይደረጋል፣ ወግ ነው።» ፈገግታውን ለመደበቅ እንኳ አልለፋም።

አባባ ይሄን ሲሰሙ ተነሱ። ገመዱን አጥብቀው መሰላሉ ላይ አንድ እግራቸውን አሳረፉ። እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ታች እያዩ እስኪቆም ጠበቁት። አልቆመም። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም ሌላ ቦታ የምናይ መሰልን። ዘሊምካን እንኳ ጣሪያውን አየ።

በዚህ መሐል እማማ ዳሪኮ መጡ። እጃቸው እስከ ክርን ዱቄት ነው። የአባባን ግንባር አዩ፣ እግራቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። እኔን ሲያዩኝ ረዘም አለ። ከዚያ ወጥተው የቤሶን የድሮ የትምህርት ቤት ሱሪ ከቀሚሳቸው ሥር ለብሰው ተመለሱ። እማማ ክብደታቸው ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት አይበልጥም።

«ዞር በል ቴዶሬ።»

«ሴት ጋን ውስጥ አትገባም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ወግ ነው።»

«አርባ አራት ዓመት በየጽዋው ስትደግመው ሰምቻለሁ። ወጉ የሚያወራው ስለ ትከሻ ነው። ይኸው ትከሻ።»

«መዝፈን አትችዪም እኮ! ቄሱ ራሳቸው ‹አንቺ በልብሽ ዘምሪ› ብለውሽ የለ?»

«አልዘፍንም። አወራለሁ። ድምፅ አይደል የምትፈልጉት?»

ገመዱን ከባላቸው ወገብ ፈትተው አሰሩና ገቡ። ጋኑ እንደ ጉድ ዋጣቸው። አባባ ምን ያድርጉ፣ የገመዱን ጫፍ ይዘው አፉ ላይ ተቀመጡ። ላይ ያለው አይነሳም። ይሄ ምን እንደሚያስከትል ያኔ ማናችንም አላሰብንም፤ ከእማማ በቀር።

«ቴዶሬ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ጥሩ። ከሠርጋችን ማግስት እንጀምር።»

ማክቫላና እኔ ተያየን። ዘሊምካን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ማግስቱን እዚህ አመጣኸኝ። ‹ይሄ ትልቁ ነው፣ ይሄ አንካሳው ነው፣ ይሄ በአያቴ ጊዜ የገባ ነው› እያልክ አሥራ አንዱን አስተዋወቅከኝ። ከእህትህ ጋር ያስተዋወቅከኝ በሳምንቱ ነው! ውሃ አውርዱ!»

ውሃ አወረድን። ቆሻሻው በባልዲ ወጣ።

«ወይኑ የተነቀለ ዓመት ሰባት ወር አላናገርከኝም። የምታናግረው ውሻውን ነው። ማታ ለውሻው ‹ደህና እደሪ በላት› ትለዋለህ። ውሻው ያየኛል። እኔም ለውሻው ‹ደህና ይደር በለው› እለዋለሁ። ያ ውሻ ሲሞት ያለቀስኩት ለምን ይመስልሃል? የሚያስታርቀን ጠፋ ብዬ ነው።»

አባባ አንገታቸውን ደፉ። «ጥሩ ውሻ ነበር» አሉ።

«ማክቫላ ስትወለድ የት ነበርክ?»

«መከር ነበራ፣ ዳሪኮ።»

«እሺ። ቤሶ ሲወለድስ?»

«እሱም መከር ነበር።»

«ቤሶ የተወለደው በጥምቀት ነው!»

 ላይ ያለው ዝም ማለት ይችላል፣ እሱን ሕጉ አይከለክልም። «ሐረግ እየገረዝኩ ነበር» አሉ አባባ በመጨረሻ፣ ለራሳቸውም ያላሳመናቸው በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ገመዱን ወደ እኔ እያቀበሉ «እስቲ አንዴ ያዝልኝ፣ ውጭ ደርሼ...»

«ላይ ያለው አይነሳም» አለ ዘሊምካን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው በሹክሹክታ።

ግድግዳው የሚፈቀበት ኖራ ወረደ፣ ኖራ ወጣ። ብሩሹ ይፍቃል፣ እማማ ያወራሉ። ስለ ጠርሙሱ አወሩ። የሚያጥቡት እሳቸው፣ የሚሞሉት እሳቸው፣ የሚደረድሩት እሳቸው፣ ፊቱ የቴዶሬ። «ፊቴ ይለጠፍ አላልኩም። ፊት አለኝ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።» አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ጥለዋቸው ስለሄዱበት ቀን አወሩ፤ አባባ ወይን የሚፈላበት በርሜል ጭነው፣ ሚስታቸውን ረስተው ቤት የደረሱበት። ይሄኛውን ማክቫላም አልሰማችውም ነበር። እኔ ደግሞ ስቄ ነበር፤ ማክቫላ ስታየኝ ማስነጠስ አደረግኩት።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አልተቋረጠም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ውስጥ ስትተኛ ማን ነበር ላይ የተቀመጠው? እኔ። የማላውቅ መሰለህ? ማንኮራፋትም ድምፅ ነው ብዬ ነው የተውኩህ። ማንኮራፋትህ ሲቆም ገመዱን እስባለሁ፣ ትነቃለህ፣ ‹ሃራሎ› ትላለህ፣ ታጥባለህ። ይረፍ ብዬ ነው። ለባድሪም ምንም ብትሰማ ዝም ብለህ ያዝ ብዬው ነበር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ነጩ ወይን ጋን ዞርኩ።

«ደክሞሃል፣ ቴዶሬ።»

አባባ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት።

«እኔ ዝም አልልም። ዝም ካልኩ ይጎትቱኛል። የማወራውንም ጨርሻለሁ። ስለዚህ እስክትመልስልኝ ይሄንኑ ነው የምለው። ደክሞሃል። ደክሞሃል። ደክሞሃል...»

ብሩሹ ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ደክሞሃል፣ ሸርተት። ደክሞሃል፣ ሸርተት። አንድ ዙር ግድግዳውን ጨርሰው ሁለተኛውን ጀመሩ። አባባ ገመዱን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጃቸው ይይዛሉ። ማክቫላ ልትናገር አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት። በሕይወቴ በሰዓቱ ካደረግኳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

አባባ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጭንቅላታቸውን የጋኑ አፍ ውስጥ አስገቡ፣ እኛ እንዳንሰማ ይመስለኛል።

«ደክሞኛል» አሉ።

ጋን ግን ድምፅ ያጎላል። ቃሉ ታች ደርሶ፣ ዞሮ፣ ወፍሮ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ወጣ። ግቢው ሁሉ ሰማው።

«እኔም» አሉ እማማ ከውስጥ። «እኔም ደክሞኛል። አሁን ንጹሕ ውሃ አውርዱ።»

ሦስት ጊዜ ታጥቦ የመጨረሻው ውሃ ሲወጣ በኩባያ ይቀዳና ይጠጣል። ጋን ታጥቧል የሚባለው ውሃው ከተጠጣ ነው። ሌላ ጊዜ የሚጠጡት ያጠቡት አባባ ናቸው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የዚያን ቀን እማማ ከወገብ በላይ ብቅ ብለው፣ ፀጉራቸው በኖራ ነጥቶ፣ ኩባያውን ዘረጉላቸው። አባባ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። አሸተቱት። ጠጡት። የቀረውን ምላሳቸው ላይ አንከባለሉ።

«ትንሽ...» አሉ።

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ጨምሪልኝ።»

ያንንም ጠጡ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙና በአምሳ አምስት ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁ።

«መቼ እንቁረጥ?»

ዘሊምካን ከባልዲው ተነሳ። እማማ የጋኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ሱሪያቸውን ይጨምቁ ነበር።

«ነገ።»

«ሐሙስ ብናደርገው ስኳሩ ትንሽ...»

«ነገ ነው። ከነገ ወዲያ ወገቤ ይይዘኛል።»

አባባ ትንሽ አሰቡ። ተከራክረው እንደሚያሸንፉ የሚያውቅ ፊት ነበራቸው፤ ግን ለመከራከር ደግሞ መቆም ያስፈልጋል። «ነገ» አሉና የጋን ቤቱ ደረጃ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ረቡዕ ቆረጥን። አሥራ ስድስት ሰው መጣ፣ ቅርጫት ተደረደረ፣ ትራክተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ፤ እሱም ቀኑን ማን እንደቆረጠው ሳይሰማ አልቀረም። አባባ አንድ መስመር ይዘው እንደማንም ሰው ይቆርጣሉ። ቆራጭ ይመጣል፣ «አባባ ቴዶሬ፣ ይሄን የት እናፍስስ?»

«ዳሪኮን ጠይቁ።»

መጀመሪያ ላይ በቀስታ ነበር የሚሉት፣ የሰው ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው። እኩለ ቀን ላይ ለመዱት። ዘሊምካን ሆን ብሎ መጥቶ «ቴዶሬ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አላቸው። ሰዓታቸው እጃቸው ላይ ነው። «ዳሪኮን ጠይቅ» አሉት። እማማ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደከማቸውና «ማክቫላን ጠይቁ» ማለት ጀመሩ፤ ማክቫላ ወደ እኔ ላከች። እኔ ጋ ሲደርስ ሰው መጠየቁን ይተወዋል።

ዓርብ የሆነውን እዚሁ ልንገራችሁ። ዘነበ። በረዶም ነበረው። የዘሊምካን ወይን እኩሌታው ሐረጉ ላይ እንዳለ ተሰነጠቀ። ምንም አላልነውም። ብዙ አላልነውም።

ረቡዕ ፀሐይ ሳትገባ ግቢያችን ያለው የዋልኑት ዛፍ ሥር ማዕድ ተዘረጋ። በወይን ሐረግ ፍም የተጠበሰ ሥጋ፣ አይብ፣ ትኩስ ዳቦ። ሰው ሁሉ ራስጌ ያለውን ወንበር እያየ ቆመ። አባባ ወንበሩን ሳብ አደረጉና ለእማማ አስቀመጡላቸው። ሌላ ዓመት የመጀመሪያው ጽዋ አርባ ደቂቃ ይወስዳል፤ ለእግዚአብሔር፣ ለሰላም፣ ለሞቱት፣ ለተነቀለው ወይን፣ ለተተከለው ወይን፤ እንግዳ ራሱን ስቶ ያውቃል። እማማ ጽዋቸውን ይዘው ተነሱ።

«ለደከመው ሁሉ» አሉ። «ብሉ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል።»

ጠጥተው ተቀመጡ። ሰው ጽዋውን አየር ላይ ይዞ የቀረውን ጠበቀ። የቀረ የለም።

አባባ መቀመጫ ፈልገው ዞር ዞር ሲሉ ያገኙት እኔ አጠገብ ነው፤ ከግርጌ፣ ውሻውና ባዶው ጠርሙስ ጋ፣ ሚስቱ ቤት የገባ አማች የሚቀመጥበት ቦታ። ተቀመጡ። ጀርባቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። ትንሽ በሉ። ማንም አልጠራቸውም። ደግሞ በሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እዚህ የተቀመጠን ሰው ማንም አይጠራውም?»

«ማንም።»

«ጽዋ አንሳ አይሉህም?»

«ረስተውኛል።»

«ዕቃ አምጣ፣ ዕቃ አድርስ?»

«የማይሰማ ሰው እመስላለሁ።»

አባባ ማዕዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት፣ ራስጌ ላይ እማማ በሦስት ሰው ተከበው እጃቸውን እያወናጨፉ ነው።

«ሃያ አንድ ዓመት እዚህ ስትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ አባባ።»

«ሌባ» አሉኝ። ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «ከጎድኑ ጨምርልኝ።»